የመጀመሪያዎቹ ሦስት ብረቶች

ሰውየው የሞተው ጊታሩን እንደታቀፈ ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ ግራ እጁ የጊታሩን አንገት አለቀቀም፤ ጉንጩ ከሬሳ በማይጠበቅ አኳኋን ቀልቷል። እግሩ ሥር አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ ወድቃለች። ክፍሉ ከቁም ሳጥን ብዙም አይበልጥም። ግድግዳው ዙሪያውን በስፖንጅ ተለብዷል፤ መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር አንዲት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ብቻ አለችው። በዚያች ቀዳዳ ከውጭ በኩል የጄኔሬተሩ የጭስ ቱቦ አፉ ተሰክቶ፣ ዙሪያው በቢጫ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ተገኘ። ይህን አይቶ አደጋ ነው የሚል ካለ ዓይኑን ይታይ።

መርማሪዋን የጣቢያው ሰዎች «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። የአናጢ ልጅ ናት። አባቷ «እንጨት አይዋሽም፤ የሚዋሸው መጋዙን የያዘው ነው» እያለ ነው ያሳደጋት። እሷም ሰው ሲያወራ እጁን የምታይ፣ ዕቃ ሲሰበር ስብራቱን የምትዳብስ ሴት ሆነች። ይህ ጠባይዋ የኮማንደሩን አንጀት ያሳርረዋል።

«ዛሬ እንኳ ለምን አያስፈልግም» አላት ሰዓቱን እያየ። «ጊታሩን ትናንት የነካው ማን ነው? ጊታር ጠጋኙ። ከሟች ጋር የተጣላው ማን ነው? ጠጋኙ። ሱቁ እዚሁ ግቢ ያለው ማን ነው? አሁንም ጠጋኙ። ካቴና ገብቶለታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ዐቃቤ ሕግ እልከዋለሁ።»

«ለምን አሥራ አንድ ሰዓት?»

«ሴትዮ!»

«እሺ፣ እሺ። እስከዚያ ያለውን ጊዜ ስጠኝ።»

እኩለ ቀን ገና አልሆነም ነበር። ወይዘሮ ለምን ስለ ጠጋኙ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስድሳ አምስት ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ የገባበት እስር ቤት መቃብሩ ነው። ስለዚህ ቀልዷን ትታ ሥራዋን ጀመረች።

ሟቹ የአንዲት አነስተኛ ባንድ መሪ ነበር፤ «አለቃ» ይሉታል። ባንዱ አራት ሰው ነው፤ አለቃ፣ ድምፃዊት ሚስቱ፣ ድራም መቺውና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ። ሚስቱን በልምምድ አዳራሹ ውስጥ ስፒከር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ዓይኗ ደርቋል።

«እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ።»

«ገዳዩን አምጪልኝ እትዬ። ልቅሶውን ከዚያ በኋላ እደርስበታለሁ።»

«ትናንት ጊታሩ እንዴት ነበር?»

«ሙሽራ ነበር እንጂ! ሐኪም አሥር ሰዓት ላይ ሠርቶ አመጣው።» ሐኪም የሚሉት ጠጋኙን ነው፤ የጊታር በሽታ ስለሚያድን። «አለቃ ሞከረው፤ ስሞ እዚያች ክፍል አስቀመጠው። ማታ ቤት እስክንገባ ሲያፏጭ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንደ ሰሞኑ ሁሉ፣ መብራት የለም። ድራመሩ ጄኔሬተር አስነሳ። አለቃ እዚያ ገብቶ ጊታሩን አወጣ። ደቂቃም አልቆየ፣ ብቅ ብሎ ‹ዝዝ ይላል! ማንም እንዳያንኳኳ!› አለና በሩን ዘጋው። ከሥሩም ጨርቅ ወተፈ። ዝዝታ የሚሰማው በጸጥታ ነው ይላል። ያን በር አንኳክቶ ስድቡን ያልጠጣ የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጠፋብኝ ጊዜ ነው የሰበርኩት።»

«የጭሱ ሽታ አይሰማውም?»

«ግቢው ሁሉ ጭስ ጭስ ነው የሚለው። የእሱ አፍንጫ ደግሞ በሲጋራ ከሞተ ቆይቷል።»

«ዝዝ የሚለው የት ላይ እንደሆነ ነገራችሁ?»

«ለእኛ? እሱ ሰላምታ እንኳ ቆጥቦ ነው የሚሰጠን።»

«ሲበላሽበት ራሱ ነው የሚያስተካክለው?»

«ብሪጁን ብቻ፣ ክሮቹ ከታች የሚያርፉባትን። እሷን በካቻቢቴ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አንገቱን ግን አይነካም። ድሮ አንዱን ጊታር በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ሲያጠብቅ ሰብሮታል። ከዚያ ወዲህ ምሏል። እኛም ስንስቅበት ነው የኖርነው።»

ወይዘሮ ለምን መነጽሯን አውልቃ መጥረጊያ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ቢጫ ጨርቅ አወጣች። «ሐኪም ለደንበኛው ሁሉ ይሰጣል። እኔ ማይኬን እጠርግበታለሁ። አለቃም አለው፤ ያው ጊታሩ ሳጥን ውስጥ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ አባ ዝምታም አለው።»

ድራም መቺው ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። «ዳምጠው» ይሉታል፤ የመንገድ መዳመጫውን መኪና ስለሚመስል። ያን የሚያህል ሰው እንደ ሕፃን እየተነፋረቀ ነበር።

«ጄኔሬተሩን አስነስቼ ወጣሁ እትዬ። ከግቢው ውጭ ያለው ባለ ሱቅ ምስክሬ ነው። ጩኸት እስኪሰማ እዚያው ቆሜያለሁ።» ባለ ሱቁም ኋላ ሲጠየቅ እውነት ነው አለ።

«ለምን ወጣህ?»

«ሁልጊዜም እወጣለሁ። የጭስ ሽታ ሆዴን ይገለብጠዋል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ዳምጠው ጫማውን አየ። «ቆየ።»

«መኪናህ የት አለ?»

«በእግሬ ነው የምሄደው። መንዳት ከተውኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው።»

ዓመቱን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ወይዘሮ ለምን ማስታወሻዋ ላይ «12» ብላ ጻፈችና አለፈች።

ቤዝ ተጫዋቹ፣ አባ ዝምታ የሚሉት፣ አዳራሹ ጥግ ቤዙን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ይጠብቃት ነበር። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጥፍሩ ተቆርጧል፣ ንግግሩ የሰለጠነ ነው። ወንበር ሳብ አደረገላት።

«አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም» አለ። «አንደበቱ ነው እንጂ። ሐኪምን ባለፈው ‹እጅህ አርጅቷል› ብሎ ሰው ፊት አዋርዶታል። ሽማግሌ ሲዋረድ ደግሞ ... እኔ ማንንም መክሰሴ አይደለም።»

«አይ፣ አይመስልብህም። አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ስለማመድ። የጄኔሬተሩ ጩኸት ነው፤ ምንም አልሰማሁም።»

«ሁለት ሰዓት ሲቆይ አላሳሰበህም?»

«ለምን ያሳስበኛል? የመጀመሪያዎቹ ሦስት ብረቶች ላይ ዝዝ ካለ ማስተካከሉ ጊዜ ይበላል። ያውም ለእሱ!»

ወይዘሮ ለምን እስክሪብቶዋን አላነቃነቀችም። መነጽሯን አወለቀችና «ይቅርታ፣ የምጠርግበት ይኖርሃል?» አለችው። አባ ዝምታ ወደ ቤዙ ሳጥን እጁን ሰደደ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆመ፣ ከኪሱም ሶፍት አውጥቶ ሰጣት።

«ቤዙን የሚያስተካክልልህም ሐኪም ነው?»

«እኔ ራሴ ነኝ። ሐኪም እጅ ከሰጠሁ ቆይቷል ... ማለቴ ዕቃ። ዕቃ አልሰጠውም።»

ሳጥኑ ክፍት ነበር። ከክሮቹ ጥቅል አጠገብ ባለ ስድስት ማዕዘን ትንሽ ቁልፍ ተቀምጧል። «ልውሰዳት?» ብትለው «በደስታ» አላት። እንዲህ ያለ ጨዋ ገዳይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ። ይህ ሰው ግን ቂሙን ይዞ እንዴት ዝም እንደሚባል የተማረ ነበር።

ጣቢያው ውስጥ ሽማግሌው ጠጋኝ ካቴናውን ጭኑ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። ወይዘሮ ለምን ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው አስቀድሞ ያየው እሷን አይደለም።

«ወይኔ! ማነው እንዲህ ያደረገው? ክሮቹ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል እኮ! በዚህ ቁመት ማን ሊጫወት ነው?»

«ጋሼ፣ ካቴናውን ላስፈታልዎት። ያዩትን እንደ ማያውቅ ሰው ያስረዱኝ።»

ሽማግሌው አንጓውን አሻሸ፣ አንዷን ክር መታ። ክሯ ንጹሕ ድምፅ አልሰጠችም፤ እንደ ታፈነ ዝንብ ዝዝ አለች።

«አየሽ ልጄ፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። ክር ሲመታ ይወዛወዛል። ብረት ከነካ ዝዝ ይላል። የት ላይ ነው የሚነካው? ጥያቄው ይሄ ነው። ሁሉም ቦታ ከሆነ ክሮቹ ዝቅ ብለዋል፤ ብሪጁን ከፍ ታደርጊዋለሽ፣ ይድናል። ይህ ግን» ጣቱን ወደ ላይኛው ጫፍ ወሰደ፣ «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ብረቶች ላይ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ብሪጅ አይደርስም። አለቃ ከፍ አድርጓል፣ ከፍ አድርጓል፤ ዓመት ቢቀመጥም አይድንም።»

«ታዲያ በሽታው ምንድን ነው?»

«አንገቱ። ይሄን ክር ከላይ እዚህ፣ ከታች እዚህ ተጫኚልኝ። መሀሉ ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ቀጭን ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት መኖር አለበት። አለ?»

አልነበረም። ክሩ ብረቶቹ ላይ ተኝቷል።

«አንገቱ ወደ ኋላ ተለጥጧል። ውስጡ የተቀበረ ብረት አለ፤ ስታጠብቂው ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ስታላሊው ወደ ፊት ይመለሳል።»

«ብርድና ሙቀት አያደርገውም?»

«ጥቂት ያንቀሳቅሰዋል። ብሎኑን ግን አያዞረውም!» ከአንገቱ ጫፍ ትንሿን ክዳን አነሳ። «ሥራ ስጨርስ ብሎኑ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደርጋለሁ፤ ሁልጊዜ ወደ ላይ። አሁን የት እንዳለች እይ። ሦስት ሩብ ዙር!» አጎንብሶ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ደግሞ ጠርዙን በልቶታል። በልኩ ባልሆነ ቁልፍ ነው የታገለው። ይህ ነውር ነው።»

ወይዘሮ ለምን የአባ ዝምታን ቁልፍ አቀበለችው። ሽማግሌው ሰካትና ነቀነቃት፤ ተንቀጫቀጨች። «ይቺ ናት። ትገባለች፣ ግን ትሾልካለች። የእኔ ቁልፍ እንደ ጣት በቀለበት ነው የሚገባው።»

«ይህን ጊታር ከጥንትም ያውቁታል?»

ሽማግሌው ክዳኗን ወደ ቦታዋ መለሰ። ኋላም «የአለቃ አልነበረም» አለ። «የአባ ዝምታ ታናሽ ወንድም ጊታር ነበር። እጀ ከባድ ልጅ፣ ክሩን ሲመታው ቤት ይናወጣል። ስለዚህ ክሮቹን ከፍ አድርጌ ነበር የምሠራለት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ባንዱ ብርድ አገር ለሥራ ሄዶ ሳለ፣ ልጁ ትኩሳት ይዞት በመኪናቸው ውስጥ ተኛ። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ነበር። ጠዋት ሞቶ ተገኘ። አለቃ ‹ራሱ ለሙቀት አስነስቶት ይሆናል› አለ። ጊታሩንም ወሰደው። የእሱ እጅ ለስላሳ ነው፤ ክሮቹን ዝቅ አድርግልኝ አለኝ፣ አደረግሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ‹ለማን እጅ?› ብዬ ነው፤ ሥራዬ ነዋ።»

ወይዘሮ ለምን ከቦርሳዋ በጭስ የጠቆረውን ቢጫ ጨርቅ አወጣች። ሽማግሌው ዘርግቶ ያየው ጊዜ ምን እንዳላት ኋላ ትሰማላችሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። የሟች ሚስት ስፒከሯ ላይ፣ ዳምጠው ከድራሙ ኋላ፣ አባ ዝምታ ከጎኑ በለመደው ቦታ፣ ሽማግሌው ካቴናው ተመልሶለት በፖሊስ ታጅቦ፤ ኮማንደሩ ደግሞ በሩ ላይ ሰዓቱን እየነካካ። ጊታሩ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ሁላችሁም አለቃን ማን ገደለው ትላላችሁ» አለች ወይዘሮ ለምን። «እኔ ግን አለቃን እዚያ ክፍል ሁለት ሰዓት ማን አስቀመጠው ነው የምለው። ጭስ ሰው ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል። አለቃ ጊታሩ ደህና ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይወጣ ነበር። ብሪጁ ብቻ ቢበላሽ ሩብ ሰዓት። ስለዚህ ገዳዩ የሚያውቀውን፣ አለቃ የማይነካውንና የማይተወውን በሽታ ሰጠው። ሳይታይ የጊታሩን አንገት አጠበቀበት፤ ጠዋት አለቃ በሩን ሲዘጋ የጭሱን ቱቦ ቀዳዳዋ ውስጥ ሰካ።»

«ጠጋኙ ነዋ!» አለ ኮማንደሩ። «ከእሱ ሌላ ይህን ማን ያውቃል?»

«ትናንት ደህና አድርጎ እንዳስረከበው ሚስቱ አይታለች። ብሎኑ የተበላው በልኩ ባልሆነ ቁልፍ ነው፤ ሐኪም ልኩ ያለው ሰው ነው። ያቺ የምትሾልክ ቁልፍ የተገኘችው ቤዙ ሳጥን ውስጥ ነው።»

አባ ዝምታ ፈገግ አለ። «ሳጥኔ አይቆለፍም እትዬ። ማንም ሊያነሳት ይችላል።»

«እውነትህን ነው። ጨርቁንስ? ሐኪም፣ ይንገሩት።»

ሽማግሌው ጨርቁን ከፍ አድርጎ ያዘ። «ክር ሲጠረግ እድፉ ጨርቁ ላይ መስመር ይሠራል። የጊታር ስድስት ነው፣ ቀጫጭን። እዚህ ያለው አራት ነው፣ ወፋፍራም፣ የተራራቀ። በዚህ ግቢ ባለ አራት ክር ያለው አንድ ሰው ነው።»

«የባልና የሚስቱ ጨርቅ በየቦታው አለ» አለች ወይዘሮ ለምን። «የሌለህ አንተ ብቻ ነህ። ይህም ይቅር፣ ተሰርቆብሃል እንበል። ጠዋት ‹የመጀመሪያዎቹ ሦስት ብረቶች ላይ ዝዝ ካለ ጊዜ ይበላል› አልከኝ። አለቃ የት ላይ እንደሚል ለማንም አልተናገረም። በሩ ዝግ፣ ግድግዳው ስፖንጅ፣ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ አንተም ጆሮህን ደፍነሃል። ታዲያ በምንህ ሰማኸው?»

አባ ዝምታ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገና አጥፎ መለሰው። ከዚያ ለአሥራ ሁለት ዓመት የታፈነው አፍ ተከፈተ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አዎ፣ እኔ ነኝ! ወንድሜ እንዴት እንደሞተ ታውቃላችሁ? አለቃ ‹ራሱ አስነስቶት ነው› አለ። የጋራዡ ዘበኛ ግን ነገረኝ። የመኪናው ቁልፍ አለቃ ኪስ ውስጥ ነበር! የገደለው እሱ ነው። ገድሎትም ጊታሩን ወስዶ በየመድረኩ አጠገቤ ቆሞ ተጫወተበት። እኔም ታገስኩ። ወንድሜ በሞተበት ሞት እስኪሞት ታገስኩ። አይቆጨኝም! ነገም ቢነሳ እደግመዋለሁ!»

«ሽማግሌውስ ምን አደረገህ?» አለች የሟች ሚስት።

«ክሮቹን ዝቅ ያደረገው እሱ ነው! የወንድሜ እጅ የቀረው እዚያ ጊታር ላይ ብቻ ነበር፤ እሱን ፋቀው። እሱም ይቅመሳት አልኩ።»

ኮማንደሩ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ ፈትቶ ወደ አባ ዝምታ ሄደ። ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ወይዘሮ ለምን ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«አንዲት ለምን ቀርታኛለች» አለች። «ዳምጠው፣ መንዳት ለምን ተውክ?»

ግዙፉ ሰው ከድራሙ ኋላ እንደ ተናደ ግንብ ቁጭ አለ።

«በዚያ ጉዞ ሹፌሩ አንተ ነበርክ፣ አይደል?»

«ይሞቀው ብዬ ነው!» አለ ዳምጠው። «በእናቴ፣ ይሞቀው ብዬ ነው! እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሞተሩን አስነሳሁለት፣ ብርድ እንዳይገባ የጋራዡን በር ዘጋሁለት። ጠዋት አለቃ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። ‹አንተ ልጆች አሉህ፣ ዝም በል፤ የሚመጣው በእኔ ይምጣ› አለኝ። ጊታሩንም የወሰደው፣ አባ ዝምታ፣ አንድ ቀን እውነቱን ነግረንህ ልንመልስልህ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ነገ ዛሬ እያልኩ ...»

አባ ዝምታ ዓይኑን ወደ ዳምጠው እግር ጣለ። ቤዝ የሚጫወት ሰው ዓይኑን የድራም መቺው እግር ላይ ጥሎ ነው የሚኖረው፤ ያ እግር ሲረግጥ ይረግጣል፣ ሲቆም ይቆማል። አሥራ ሁለት ዓመት ያን እግር ሲከተል ኖሯል።

«ፍቱኝ» አለ በቀስታ። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ ፍቱኝ!» ከዚያ ጮኸ፣ ታገለ፤ ሁለት ፖሊሶች ይዘው መሬት ላይ አስቀመጡት። ዳምጠው አልሸሸም። ቢፈቱለት ኖሮ አንገቱን ይሰጠው ነበር።

የሟች ሚስት ከስፒከሯ ወርዳ ከአባ ዝምታ ፊት ቆመች። «አንተ ደምህን ከሰው ባል ላይ ወሰድክ» አለችው። «የእኔን ከማን ልውሰድ? ንገረኝ እንጂ! ከማን?» ልቅሶዋ የመጣው አሁን ነበር።

አባ ዝምታን ሲያወጡት ሽማግሌው ጠጋኝ ወደ ጊታሩ ተጠጋ። እንዲያ ሆኖ ማየቱ አላስቻለውም። ከኪሱ ቁልፉን አወጣ። «ልጄ፣ ሁለት ደቂቃ ናት። አንገቱን ላላላለት፣ ክሮቹን ላውርድለት። ዝዝታው ይቅርለት።»

«አይነካም!» አለች የሟች ሚስት፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ። «ልክ እንደዚህ ሆኖ ዳኛው ፊት ይቅረብ። አባ ዝምታም ዳምጠውም ቆመው ዝዝታውን ይስሙት።»

ወይዘሮ ለምን ይህን ጊዜ «ለምን?» አላለችም። ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ አስገባችና ክዳኑን ዘጋችው።